ከማንጎው ሥር ያወጣነው ሐዲድ

ባለፈው ሚያዝያ፣ ጀዊ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ውስጥ፣ የእህል መጋዘኑን በር የሚዘጋውን ረጅም ብረት በሁለት እጄ አንስቼ አወረድኩት። ሌሊት ካፊያ ጥሎ ስለነበር ብረቱ እርጥብ ነው። የፊቴን ላብ ልጠርግ እጄን ሳነሳ መዳፌ ሸተተኝ። የእርጥብ ዝገት ሽታ ነው፣ ደም ደም የሚል። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ "ምነው፣ ቆረጠሽ እንዴ?" ሲለኝ ነው መዳፌን አፍንጫዬ ላይ ለጥፌ መቆሜን ያወቅሁት።

ከሰዓት በኋላ መኪናው ጋምቤላ ከተማ ሲያደርሰኝ ቤቴ አልገባሁም። ወደ ባሮ ወንዝ ወረድኩ። የአባባ ኡጁሉ ግቢ የነበረበት ቦታ ዛሬ በብሎኬት ታጥሯል፤ በበሩ ቀዳዳ ሳይ የተደረደረ ሲሚንቶና አንድ የቆመ የጭነት መኪና አየሁ። ማንጎው ተቆርጧል። ዘበኛው "ማንን ፈልገሽ ነው?" ሲለኝ "ማንንም" ብዬ ተመለስኩ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው፤ ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

አስር ዓመቴ ነበር፤ አራተኛ ክፍል። ወሩ መጋቢት። ጋምቤላን ለማያውቅ ሰው የመጋቢትን ሙቀት ብነግረው አጋነንሽ ይለኛል፤ ስለዚህ አልነግርም። መሥሪያ ቤቶች በጠዋት ተከፍተው አምስት ሰዓት ተኩል ላይ እንደሚዘጉና እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ከተማው ሁሉ እንደሚተኛ ብቻ ልበል። ሰው ከኒም ዛፍ ሥር ምንጣፉን ዘርግቶ ይተኛል፣ ውሻው ቦኖው ሥር እርጥቡ አፈር ላይ ይዘረጋል፣ ነቅተው የሚቀሩት ቆሻሻው ላይ የሚቆሙት ትልልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎች ናቸው። ከአባ ኮዳዎቹ ጋር ደግሞ እኔ። ቀን መተኛት የማልችል ልጅ ነበርኩ። እማዬ "አንቺን የወለድኩት በቀትር ነው፣ ከዚያ ወዲህ ዓይንሽን አልከደንሽም" ትለኝ ነበር።

እማዬ የጤና ጣቢያ ነርስ ናት። አባዬ ማዘጋጃ ቤት ቀያሽ ነበር፤ ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ የመጣ፣ ሙቀቱን በየቀኑ የሚራገም፣ ግን ዝውውር ጠይቅ ሲሉት "እስቲ ይሁን" እያለ የሚቀር ሰው። ሥራው መሬት መለካት ነው። ሜትሩን በቆዳ መያዣ ውስጥ ቀበቶው ላይ ያንጠለጥለዋል፤ እኔ ልጅ ሆኜ ሽጉጥ ነው ብዬ ለክፍል ልጆች እነግር ነበር።

አባባ ኡጁሉ ከቤታችን በታች፣ ባሮ ዳር ነበር የሚኖሩት። አኙዋክ ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሁልጊዜ ትምባሆ በሚያጨሱበት የቅል ጋያቸው አጠገብ የሚቀመጡ ሽማግሌ። ሚስታቸው ሞታለች፣ ልጆቻቸው ተበታትነዋል። አብራቸው የምትኖረው የልጅ ልጃቸው አሪየት ብቻ ነች። አሪየት የክፍሌ ልጅ ነች፤ በዕድሜ በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች፣ በቁመት ግን በሦስት ዓመት የምትበልጠኝ ነበር የምትመስለው። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ቦርሳዬን እነሱ ቤት ጥዬ፣ አሳ በልቼ፣ እጄን ሳልታጠብ ቤቴ እገባለሁ። እማዬ ገና ከበር "ዛሬም እዚያ ነበርሽ" ትላለች፤ ከሽታው ታውቃለች።

በዚያ ዓመት የወንዝ ዳሩ ነዋሪ ሊነሳ ነው የሚል ወሬ መጣ። ወሬው ቆይቶ ደብዳቤ ሆነ። አባዬ ለእማዬ ሲያስረዳት እራት ላይ ሰማሁት። ድሮ፣ የጋምቤላ ወደብ በእንግሊዞች እጅ በነበረበት ጊዜ፣ በክረምት ባሮ ሲሞላ ከካርቱም መርከብ እየመጣ ቡና ይጭን ነበር። ከመርከቡ መቆሚያ አንስቶ ወንዙን ተከትሎ እስከ መጋዘኑ ድረስ ጋሪ የሚገፋበት ትንሽ ሐዲድ ተዘርግቶ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ውስጥ ያለው አሮጌ ወረቀት እንደሚለው፣ ከሐዲዱ በታች እስከ ወንዙ ያለው መሬት የወደቡ ነው፤ ከሐዲዱ በላይ ያለው ለወደቡ ሠራተኞች መኖሪያ የተሰጠ ነው። አሁን የሚወሰደው የወደቡ መሬት ነው።

"የሽማግሌው ቤትስ?" አለች እማዬ።

"እሱ ነው ጭንቁ። ከሐዲዱ በላይ ከሆነ ማንም አይነካቸውም። በታች ከሆነ ያለ ምንም ካሳ ይነሳሉ።"

"ታዲያ ሐዲዱ የት ነው?"

"የለም" አለ አባዬ። "መርከቡ ከቀረ ስንት ዘመኑ። ሰው ነቅሎ ነቅሎ ጨርሶታል። ሐዲዱ ቢገኝ ይድናሉ።"

እኔ ከዚያ ሁሉ ንግግር ይዤ የተነሳሁት የመጨረሻዋን ነው። ሐዲዱ ቢገኝ ይድናሉ።

በማግስቱ እሁድ አባዬ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ልብሱን ሳይቀይር ወደ አባባ ኡጁሉ ወረደ። ተከተልኩት። ሽማግሌው ኩርሲያቸውን ለአባዬ ለቀው መሬት ላይ ተቀመጡ፤ አባዬ ደግሞ እሳቸው መሬት ላይ ሆነው እኔ ኩርሲ ላይ አልቀመጥም ብሎ ወረደ፤ ኩርሲው ባዶውን ቀረ። አሪየትና እኔ እየተያየን ሳቅን፤ ከዚያ እኔ ተቀመጥኩበትና አባዬ በዓይኑ አነሳኝ።

"አባባ፣ ሐዲዱ በየት በኩል እንደነበር ያስታውሳሉ?"

"እኔ አባት እዚያ ሠራ" አሉ አባባ ኡጁሉ። አማርኛቸው ጥቂት ነው፤ አንዷን ቃል ፈልገው አግኝተው ካስቀመጡ በኋላ ነው ወደ ሌላዋ የሚሄዱት። ትልቁንም ትንሹንም፣ ወንዱንም ሴቱንም "አንተ" ነበር የሚሉት። "ጋሪ ይገፋል። ቡና፣ ጨው፣ ጨርቅ።"

እኔ ጣልቃ ገባሁ። "ባቡር ነድቶ ያውቃል?"

"ባቡር የለም" አሉኝ። "ሰው ነው ባቡር። ሁለት ሰው ኋላ ይገፋል። አንድ ሰው ፊት ይይዛል፣ ቁልቁል እንዳይሮጥ። እኔ አባት ፊት ነው። እዚህ" ብለው የትከሻቸውን አጥንት ነኩ፣ "እዚህ ጋሪ በላው።"

ለእኔ ግን ባቡር ነበር። አባታቸው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ ኮፍያ አድርጎ፣ ጭሱ በማንጎዎቹ መሃል ሲያልፍ ነበር የሚታየኝ። ትከሻውን ጋሪ የበላው ሰው አልታየኝም።

አባዬ ደብተር አውጥቶ ይጽፋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሁድ እሁድ ሐዲድ ፍለጋ ሆነ። ከተማው ውስጥ ያልገባንበት ግቢ የለም። ሐዲዱ ደግሞ የለም ሲባል ሁሉም ቦታ ነበር። የትምህርት ቤታችን ደወል ሐዲድ ነበር፤ ሁልጊዜ በድንጋይ ሲመታ የምሰማው ቁራጭ። ሥጋ ቤቱ በሬ የሚሰቅልበት አግዳሚ ሐዲድ ነበር። ብረት ቀጥቃጩ የሚቀጠቅጥበት፣ አሳ ጠባሿ እሳት ላይ ያጋደመቻቸው ሁለቱ፣ ኒውላንድ ሰፈር አንዲት የኑዌር እናት ጥጃ የሚያስሩበት ካስማ፣ ሁሉም ሐዲድ ነበር። አባዬ ሜትሩን ይዘረጋል፣ ይለካል፣ ይጽፋል። ባለቤቱን ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቃል። "ይህን ከየት ነው ያመጣችሁት?"

"ኧረ እኔ ስገዛው እንዲሁ ነው" ይላል ሥጋ ቤቱ።

"ባለቤቴ ነው ያመጣው፤ እሱ ሞቷል" ትላለች አሳ ጠባሿ።

አባዬ ደብተሩን ይዘጋና አንገቱን ይነቀንቃል። እኔ አልገባኝም ነበር። ይኸው ተገኘ፣ ይኸው ሌላ ተገኘ፣ ምን ያሳዝነዋል? እኔ በልቤ እቆጥር ነበር። ዘጠኝ ሆነ፣ አስራ አንድ ሆነ። የሆነ ቁጥር ላይ ሲደርስ ቤቱ የሚድን መስሎኝ ነበር። ለአሪየትም እንዲያው ነገርኳት፤ "ትንሽ ብቻ ነው የቀረን" እያልኩ። እሷም አመነችኝ፤ የቀያሹ ልጅ ነኝ።

አንድ እሁድ አባባ ኡጁሉ አንድ ነገር ትዝ አላቸው። ልጅ ሆነው ባዶው ጋሪ ቁልቁል ሲመለስ ላዩ ላይ ይቀመጡ ነበር። ቤታቸው ፊት ለፊት ሲደርስ ዘለው ይወርዳሉ። ከሐዲዱ እስከ እናታቸው ደጃፍ አርባ እርምጃ ነበር። ቁጥር የተማሩት በዚያ ነው፤ አንድ የመጋዘን ጠባቂ ቁጥር ያስተምራቸው ስለነበር በየቀኑ እርምጃቸውን ይቆጥሩ ነበር። ቤቱ ቢታደስም የመሃሉ ምሰሶ ተነቅሎ አያውቅም፤ ደጃፉም ያው ነው።

"የልጅ እርምጃ ነው" አሉና አባዬን ከላይ እስከ ታች አዩት። "አንተ አይሆንም።"

አሪየት ተጠራች። ከደጃፉ ተነስታ ቁልቁል አርባ ስትረግጥ ሸምበቆው ውስጥ ገባች። አባባ ኡጁሉ ሳቁ። "ይሄ ሰጎን ነው። እኔ አጭር ልጅ ነበር" አሉና በጣታቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። እኔ ደረቴን ነፍቼ ተነሳሁ። በዚያች ቀን አጭር መሆኔን ወደድኩት። አባዬ "ቀስ ብለሽ፣ እንደ ሁልጊዜው" አለኝ፤ እኔም ቀስ ብዬ አርባ ረገጥኩና ቆምኩ። የቀን ሠራተኛ መጥቶ እኔ በቆምኩበት እስከ ወገቡ ቆፈረ። አሸዋ ነው። ቀጥሎም አሸዋ ነው። ሠራተኛው ውሃ ሲያገኝ ወጣ።

አባዬ ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አባባ ኡጁሉ ጋያቸውን አንስተው ሰጡት። አባዬ በሕይወቱ ትምባሆ አጭሶ አያውቅም፤ ተቀብሎ ሳበና አስነጠሰው።

የሚነሱትን ቤቶች የሚወስነው ኮሚቴ ዓርብ ጠዋት መጥቶ ቦታውን ያያል ተባለ። አባዬ በዚያ ሳምንት ለሥራ አቦቦ ተላከ፤ ሐሙስ ማታ ነው የሚመለሰው። ከመሄዱ በፊት እማዬን "አንድ ወር እንዲጨምሩልን እለምናለሁ፤ እስከዚያ ሌላ ቦታ እንቆፍራለን" ሲላት ሰማሁ። ድምፁ ተስፋ ያለው አይመስልም ነበር።

ማክሰኞ በቀትር ከተማው ተኝቷል። አባባ ኡጁሉም ከጓሮ ጥላ ሥር ተኝተዋል። አሪየትና እኔ ደጃፉ ላይ ነበርን። የሆነ ነገር ሰርቃኝ፣ ማስቲካ መሰለኝ፣ ቁልቁል ሮጠች፤ እኔም ተከትያት ሮጥኩ። ሮጬ ማንጎው ሥር ስደርስ ቆምኩ። ማንጎው ከጉድጓዱ በታች ነው፣ ወደ ወንዙ ቀረብ ብሎ።

"ምን ሆንሽ?" አለችኝ።

"አያትሽ ከጋሪው ዘለው ሲወርዱ ይሮጡ ነበር ወይስ ይራመዱ ነበር?"

"ምን አውቃለሁ። ርቦት ከሆነ ይሮጣል።"

ተመልሼ ደጃፉ ላይ ቆምኩና እየቆጠርኩ ሮጥኩ። አርባ ስል የማንጎው ሥር ላይ ነኝ። እስከ ዛሬ ድረስ በሕይወቴ ያንን ያህል ልቤ ጮቤ የረገጠበት ቀን የለም። የሚሮጥን ልጅ እርምጃ ቀስ ብለሽ ርገጪ ብለውኝ ኖሯል፣ ትልልቆቹ ሁሉ! አሪየት አካፋ አመጣች፤ እኔ በጣሳ አወጣለሁ። ክንድ ያህል ሳንቆፍር አካፋው ቂው አለ።

ሁለት ነበሩ። ጎን ለጎን፣ በእጄ አራት ስንዝር ያህል ተራርቀው፣ ቀጥ ብለው ተኝተዋል። ሥራቸው የነበረውን እንጨት ምስጥ በልቶት ዱቄት ሆኗል፤ የእንጨቱ ቦታ ግን በአፈሩ ላይ ጥቁር ጥቁር መስመር ሆኖ ይታያል። የማንጎው ሥር አንደኛውን አቅፎታል። አሁን ዓይኔን ብጨፍን እንደዚያ ሆነው ይታዩኛል። እንደዚያ ሆነው ያየናቸው ሁለታችን ብቻ ነን።

ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ፣ ሰው በሚተኛበት ሰዓት፣ አወጣናቸው። ሥሩን በቢላ ቆረጥን። በገመድ ጎተትን። እጃችን ተላጠ፤ መዳፋችን ቤት ስንገባ እንዳይታይ ጨበጥን። እያንዳንዳቸው ከእኔ ቁመት ይበልጣሉ። አሪየት ቤት ጓሮ ወስደን በበቆሎ አገዳ ሸፈንናቸው። ጉድጓዱን ደግሞ፣ የአባባ ኡጁሉ ፍየሎች እግራቸውን እንዳይሰብሩ ብለን፣ መልሰን ሞልተን፣ ረግጠን፣ ቅጠል በትነንበት አስተካከልነው። ሐሙስ ሐዲዶቹን በኦሞ አጠብናቸው። በአሸዋ ፈተግናቸው። ጫፋቸው ብልጭ አለ። ለአባዬ አልነገርኩትም፤ ሐሙስ ማታ አቧራ ለብሶ፣ ደክሞት ሲገባ፣ ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ነገ በሰው ፊት ይይልኝ ብዬ ዋጥኩት።

ዓርብ ሁለት ሰዓት ላይ ኮሚቴው መጣ። ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሰብሳቢው ወፍራም፣ ላቡን በመሐረብ የሚጠርግ፣ ክፉ የማይመስል ሰው። አባዬ ንድፉን ዘርግቶ ማስረዳት ጀመረ። አንድ ወር የሚለው ላይ ሳይደርስ እኔና አሪየት በአገዳው ውስጥ ገብተን መጀመሪያ አንደኛውን፣ ከዚያ ሁለተኛውን እየጎተትን አመጣንና እግራቸው ሥር ጣልናቸው። የማጨበጨብ ድምፅ ነበር የጠበቅሁት።

አባዬ ክው አለ። ሐዲዱን አየ፣ የእኔን እጅ አየ፣ ወደ ማንጎው አየ።

"ይሄ ከየት መጣ?" አለ ሰብሳቢው።

ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረ። "ይቺ ልጅ የማን ናት?"

"የእኔ ናት" አለ አባዬ።

"የአንተ?" ሰብሳቢው መሐረቡን አጠፈው። "የቀያሹ ልጅ?" ከኮሚቴው አንዱ ለሌላው የሆነ ነገር ሹክ አለው። "ሰማህ፣ እሁድ እሁድ እዚህ ቤት እንደምትበላ አውቃለሁ፤ አልፈርድብህም። ግን ይህን ሐዲድ ማን ነው ያወጣው?"

እኔ አፌን ከፈትኩ። የአባዬ እጅ ትከሻዬ ላይ ወረደና ጨመደደኝ። በዚያው ቅጽበት አባባ ኡጁሉ ከመቀመጫቸው ተነሱ። እኛን አላዩም፤ ሰብሳቢውን ነው ያዩት።

"እኔ ነው" አሉ። "እኔ አወጣ። ልጅ ጎትት አልኩ፣ ጎተተ።"

"እርስዎ? ከየት?"

"ከዚያ" ብለው በእጃቸው ወደ ማንጎው አሳዩ፤ የት እንደሆነ በትክክል አያውቁትም ነበር።

ሰብሳቢው ወረደ፤ ሁላችንም ተከተልነው። ማንጎው ሥር ቅጠል የተበተነበት የተረገጠ አፈር ነው ያለው። በጫማው ገለጥ አደረገው።

"አባባ" አለ ሰብሳቢው፤ በትህትና ነው ያላቸው። "ብረትማ የትም አለ። ሥጋ ቤቱም አለው። እኛን የሚረዳን መሬት ውስጥ እንደተኛ ብናየው ነበር። ትናንት የተሞላ ጉድጓድ ምን ይመሰክራል? አምጥተው ቀብረውት ቢሆንስ ይሉኛል አለቆቼ። ምነው ትንሽ ቢታገሱ ኖሮ?"

"እውነት ነው" አሉ አባባ ኡጁሉ። "ሽማግሌ ቸኩሏል።"

አባዬ አንድ ወር ጨምሩልን አላለም። ሰብሳቢው ሲያዘው የመኪናው አፍንጫ ላይ ወረቀቱን አስደግፎ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፉ ጻፈ። እግሮቼ ጫፍ ላይ ቆሜ አነበብኩት፤ "ሐዲዱ በቦታው አልተገኘም።"

እኔ ግን በዚያች ሰዓት ያንገበገበኝ ይህ አልነበረም። ይህን ማለት ያሳፍረኛል፤ ግን እውነቱ ይህ ነው። ደሜን ያፈላው አባባ ኡጁሉ "እኔ አወጣ" ማለታቸው ነበር። ሮጬ የቆጠርኩት እኔ፣ መዳፌ የተላጠው እኔ፣ እሳቸው ጓሮ ተኝተው ነበር። በሰው ሁሉ ፊት ነጠቁኝ። አባዬም ትከሻዬን ጨምድዶ ዝም አሰኘኝ። ሁለቱ ትልልቅ ሰዎች ተስማምተው የሠሩብኝ መስሎኝ ቤት ገብቼ እስኪያመኝ አለቀስኩ።

ሰኞ ትምህርት ቤት አሪየት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ቦርሳዬን አነሳሁባት።

"አያትሽ ሌባ ነው" አልኳት። "የእኔን ነገር የእኔ ነው አለ።"

እንድትመታኝ ጠብቄ ነበር። ከእኔ ትልቅ ነች፣ ጉልበተኛ ነች። አልመታችኝም። "አያቴ ዋሽቶ አያውቅም" አለችኝ። "ዓርብ ነው የዋሸው።" ከዚያ ደብተሮቿን ሰብስባ ኋላ ወንበር ሄደች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ አኩርፌ ነበር፤ ሳኮርፍ ደግሞ ጆሮዬ አይሰማም።

እንዲነሱ ሦስት ሳምንት ተሰጣቸው። በእነዚያ ሳምንታት ባሮ ዳር አልወረድኩም። እማዬ አሳ አትሸቺም ብላ ስትስቅብኝ እንኳ አልሳቅኩም። አባዬ ከሥራ መጥቶ ግድግዳውን እያየ ይቀመጣል። ሜትሩን ከቀበቶው ፈትቶ ሚስማር ላይ ሰቅሎታል፤ ሲሄድ ብቻ ነው የሚያወርደው። እራት ላይ ማንም ስለ ሐዲድ አያነሳም። አንድ ቀን "አባባ ኡጁሉ ጎግ፣ የወንድማቸው ልጅ ጋ ነው የሚሄዱት" አለ፤ እማዬም "አውቃለሁ" አለች፤ በዚህ አለቀ።

የሚሄዱበት ቀን ቅዳሜ ነበር። የመጀመሪያው ዝናብ ገና አልጣለም፤ ሰማዩ ግን ጠቁሯል። የጎጆው ሳር ወርዶ፣ የመሃሉ ምሰሶ ተነቅሎ፣ ከፍየሎቹና ከጋያው ጋር አይሱዙ ላይ ሲጫን ከመኝታ ቤቴ መስኮት አየሁ። አሪየት ላዩ ላይ ተቀምጣ ነበር፣ ፊቷን ወደ ወንዙ አዙራ። መኪናው በእኛ ቤት በኩል ነው የሚያልፈው።

እማዬ ገባች። "ውጪና ተሰናበቻቸው።"

"አልፈልግም።"

"ተነሽ ብዬሻለሁ።"

"የእኔን ሐዲድ የሰረቀ ሰው አልሰናበትም።"

አልጋው ላይ ወጥቼ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። መኪናው በራችን ላይ ቆመ፤ ሞተሩ አልጠፋም። የአባዬ ድምፅ ይሰማል፣ የአባባ ኡጁሉ ድምፅ ይሰማል፣ የሚሉት ግን ሞተሩ ይበላዋል። ከዚያ መኪናው ማርሽ አስገብቶ ተነሳ። እማዬ ከአጠገቤ አልሄደችም ነበር። ድምፁ እስኪርቅ ጠበቀችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"አሁን ስሚኝ" አለች። ቁጣ አልነበረውም ድምጿ፤ ደክሟታል። "ያ ሐዲድ ዋጋ የነበረው መሬት ውስጥ እያለ ነው። ስታወጡት ቤቱ ሄደ። ይህ የልጅ ጥፋት ነው፣ አልቆጣሽም። ግን ያን ቀን የቀያሹ ልጅ አወጣችው ቢባል ኖሮ፣ ቀያሹ ራሱ በልጁ አስቀበረ፣ አባትሽ ለሽማግሌው ብሎ ማስረጃ ፈበረከ ይሉ ነበር። አባትሽ ከሥራ ይባረር ነበር። ሽማግሌው ቤታቸው እንደሄደ ሲያውቁ፣ የአባትሽ እንጀራ አብሮ እንዳይሄድ እኔ ነኝ አሉ። አባትሽም ዝም አለ። እስከ ዛሬ እንቅልፍ የለውም።"

ምን እንዳልኳት አላስታውስም። ያለ ጫማ መሆኔን ያወቅሁት የግቢው ጠጠር ሲወጋኝ ነው። በሩን ከፍቼ ወጣሁ። መንገዱ ላይ የመኪናው አቧራ ገና አልረጋም። ወደ አቦቦና ጎግ በሚወስደው በኩል እስከ መታጠፊያው ሮጥኩ፤ ምንም የለም። ተመልሼ ስመጣ አባዬ በሩ ላይ ቆሟል፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ።

"ምን አሉ?" አልኩት።

"ለዚያ ልጅ ደህና ሁን በልልኝ አሉ።"

"ለማን?"

"ላንቺ ነዋ። ልጠብቅ ወይ፣ ይመጣል ወይ ብለው ጠየቁኝ።"

"አንተስ ምን አልካቸው?"

አባዬ ኮፍያውን አዞረ፣ መልሶ አዞረው።

"ተኝታለች አልኳቸው" አለኝ።